የሁለት ሰዓት ተኩል ጠብታ

ቀያሹን የገደላቸው ልጃቸው የሰጠቻቸው ስጦታ ነው ተባለ። መጀመሪያ ማን እንዳለው አይታወቅም። በሩን ከፍቶ የገባ ሁሉ ወለሉ ላይ የተዘረሩትን ሽማግሌ፣ እስከ ክርናቸው የራሰውን ቀኝ እጃቸውን፣ ሰፊው መሳቢያ ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ የመስታወት ገንዳና ከውስጧ ወጥቶ ሶኬት ላይ የተሰካውን የማሞቂያ ሽቦ አየ። የማሞቂያው ብርጭቆ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ከዚህ በኋላ ለመፍረድ ዳኛ መሆን አያስፈልግም። ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ልጅቱ የት እንዳለች ይጠይቅ ነበር።

ልጅቱ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። መነጽር ቤት ሌንስ ትሞርዳለች፣ የራሷ ቤትና የራሷ ቁልፍ አላት፤ በአባቷ ቤት ግን እስከ ዛሬ «ልጅቱ» ናት። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ደርሳ በሩ ላይ ስትቆም አላለቀሰችም። የአባቷ ካልሲ ተረከዙ ላይ መሳሳቱን አየችና «ካልሲ መግዛት አለብኝ» ብላ አሰበች። ለማን እንደምትገዛ ስታስብ ሐሳቧ እዚያው ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ለአራት ቀን ምንም አልተሰማትም።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። እናቷ ካረፉ ወዲህ አባቷ ከወንበራቸው የሚነሱት ለመኝታ ብቻ ነበር። ልጅቱ በአንድ ሱቅ መስኮት የጥፍር ቁራጭ የሚያካክሉ ቀይ ሽሪምፖች፣ ብዙ እግር ያላቸው የውኃ ፍጥረታት፣ የውኃ ሣር ሲግጡ አየችና አባቷ ሊወዷቸው እንደሚችሉ ገመተች። ሃያ ሊትር የምትይዝ ገንዳ፣ የስፖንጅ ማጣሪያ፣ አፈርና ሣር ገዛች። ማሞቂያውን ግን አልገዛችውም፤ የሥራ ባልደረባዋ ያገለገለ ሰጠቻት። አሁን የሚወጋት እሾህ ይኸው ነው።

ቀያሽ ደግሞ ቀያሽ ነው። አርባ ዓመት መሬት ሲለኩ የኖሩ ሰው ገንዳዋን እንዲሁ አላስቀመጧትም። የድሮ ካርታ የሚያኖሩበትን መሳቢያ ባዶ አድርገው፣ በውኃ ልክ አስተካክለው ላዩ ላይ አቆሟት። ውኃ ሞልተው ማጣሪያውን ከፈቱና አንድም እንስሳ ሳያስገቡ አርባ ቀን ጠበቁ። ቆሻሻውን የሚያጠሩት ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ስፖንጁ ውስጥ እስኪበዙ መጠበቅ ግድ ነው፤ ያለዚያ ሽሪምፕ በሳምንቱ ያልቃል። በየቀኑም የውኃውን ሁኔታ በእርሳስ ደብተር ላይ ይጽፉ ነበር። አብረዋቸው የሚኖሩት እህታቸው ለጎረቤቱ ሁሉ «ወንድሜ ባዶ ውኃ ይጠብቃል፤ እንዳይሰረቅበት ነው መሰለኝ» እያሉ አሳቁባቸው።

በአርባ አንደኛው ቀን ልጅቱ በምሳ እረፍቷ አሥር ሽሪምፕ በፌስታል ይዛ መጣችና ልክ በስምንት ሰዓት ለአባቷ አስረከበች። አውቶቡስ እንዳያመልጣት ስትሮጥ አባቷ ከኋላዋ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሏት። ያ ለእሷ የመጨረሻው ቃላቸው ሆነ። አክስቷ ከቀትር ጀምሮ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ነበር። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሰው ማብሪያውን ቢጫኑት አልበራም። በስልካቸው ብርሃን ወንድማቸውን አገኟቸው። ኮሪደሩ ላይ ያለው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰዓት ስምንት ከሩብ ላይ ቆሟል፤ የቤቱ ብሬከር ወድቋል። ሐኪሙ የሞቱት ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ መሆኑን ተናገረ። የጭንቅላታቸው ጀርባ ላይ የተገኘውም ቁስል ሲወድቁ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ እርጥብ እጅ ላይ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ ምልክት አይተውም አለ። ሰዓቱም፣ ሽቦውም፣ ሐኪሙም አንድ ነገር ተናገሩ።

በማግሥቱ፣ የቤቱ መብራት ከተመለሰ በኋላ፣ መርማሪዋ መጣች። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ጉንፋን የማይለቃት ሴት ናት። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና የመጀመሪያ ጥያቄዋ ማጣሪያው ድሮም እንዲህ ይንኳተት እንደነበር ነበር። ልጅቱ ይህች ሴትዮ ነገሩን ቶሎ ጨርሳ አትሄድም ብላ አሰበች። ቢጨረስላት ትወድ ነበር። ጥፋተኛ ከሆነች ጥፋተኛ ነሽ ተብላ አርፋ ብትቀመጥ ይሻላታል።

አክስቷ ለመርማሪዋ ያልተጠየቁትንም ነገሯት። ለልጅቱ ግን ከዚያች ምሽት ጀምሮ ቃል አልሰጧትም፤ ጨው ሲፈልጉ እንኳ በተከራይዋ በኩል ነው የሚያስጠይቋት።

«ወንድሜ ውኃ ማባከን ይወድ ነበር» አሉ አክስቷ። «አጥቤ፣ አድርቄ የደፋሁት ባልዲ ውስጥ ሦስት ብርጭቆ የሚሆን ንጹሕ ውኃ ወጥ ቤት አስቀምጦ አገኘሁ። አበባዬን አጠጣሁበት።»

«ባልዲውን መቼ ነበር ያደረቁት?»

«ልወጣ ስል ነዋ፣ ስድስት ሰዓት ላይ።»

መርማሪዋ አፍንጫዋን ጠረገችና ጻፈችው። ልጅቱ ባልዲ ምን ይሠራላታል አለች በልቧ።

ፎቅ ላይ የምትኖረው ተከራይ ነርስ ናት። የሌሊት ተረኛ ስለነበረች ከቀትር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጆሮዋን ደፍና ተኝታለች። ስትነቃ መብራት የለም፤ የሰፈሩ ሁሉ መስሏት በውጭው ደረጃ ወርዳ ሥራዋ ሄደች። ብሬከሩ ኮርኒስ ሥር ስለሆነ የሚደርስበት የእሷ ቁመት ብቻ ነው፤ ሲወድቅም የምታነሳው እሷ ናት።

«ቀያሹ ለእሱ ብለው ከእንቅልፍሽ ቀስቅሰውሽ ያውቃሉ?»

«በጭራሽ። ሌሊት ሥራ ካደርኩማ ደረጃውን በእግራቸው ጣት ነበር የሚረግጡት።»

የቀረው ነዳፊው ነበር፤ የአባቷ የአርባ ዓመት ባልደረባ። አባቷ ይለካሉ፣ ነዳፊው ፕላኑን ያነሳሉ፤ ልጅቱን በትከሻቸው ተሸክመው ያሳደጓት ጋሼዋ ናቸው። አባቷ ከሞቱ ወዲህ በየቀኑ ዳቦ ይዘው ይመጣሉ፣ ሻይ ይቀዱላታል፣ አጠገቧ ይቀመጣሉ። በዚያ ቀን ስምንት ከሩብ ላይ ቢሯቸው ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ፊት ፕላን ያስረዱ ነበር፤ ዘጠኙም መሰከሩ። ወደዚህ ቤት ከእሑድ እስከዚያች ምሽት አለመምጣታቸውን ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብለው ማሉ። ለመርማሪዋም በገር ድምፅ ይህ ምርመራ ልጅቱን ከማቁሰል በቀር ፋይዳ እንደሌለው ነገሯት።

«አውቃ አላደረገችውም» አሉ። «የእግዜር ቁጣ ነው። ይብቃና ልጅቱ ትረፍ።»

መርማሪዋ ሐሳባቸው ደግ መሆኑን ተናግራ፣ አንድ የመጨረሻ ጣጣ ብቻ እንደቀራት ነገረቻቸው። ወረቀት ጨርሻለሁ ብላ አንድ የተማሪ ደብተር ጠረጴዛው ላይ አኖረችና አራቱም አንዳንድ ቅጠል ወስደው ያን ቀን የት እንደዋሉ እንዲጽፉላት ለመነች። አክስቷ ግማሹን ገጽ ደብተሩ ላይ ትተው ቀደዱ። ነርሷ አጥፋ፣ በጥፍሯ ጭና ቀደደች። ልጅቱ እንዴት እንደቀደደች አታስታውስም። ነዳፊው ደብተሩን ተቀብለው «ማስመሪያ ይኖራል?» ሲሉ ጠየቁ። ማስመሪያ ሲሰጣቸው ከኪሳቸው ምላጫቸውን አውጥተው ቅጠሏን ከሥሯ ቀጥ አድርገው ቆረጧት። አክስቷ ይህን አይተው «ይሄ ሰውዬ ዳቦም በማስመሪያ ነው የሚቆርሰው» አሉ። ነዳፊው ፈገግ አሉ።

ሲወጡ መርማሪዋ ልጅቱን አስቀረቻት። ገንዳዋ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንዲህ አለቻት፦

«እኔ ከዓሣ ጋር የምተዋወቀው ሳህን ላይ ነው። እነዚህን ነገሮች ከፌስታል ወደ ገንዳ እንዴት እንደሚያስገቧቸው አሳዪኝ። አትንገሪኝ፤ አሳዪኝ።»

ልጅቱ ሳትፈልግ ተነሳች። ጎድጓዳ ሳህን አመጣች፤ ፌስታሉ ከነውኃው እዚህ ውስጥ ይገለበጣል አለች። ተጣጥፎ ፎጣ ላይ የተቀመጠውን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አንስታ አንዱን ጫፍ ገንዳው ውስጥ ነከረች፣ ሌላውን በአፏ ስባ ለቀቀችውና መሀሉ ላይ ቋጠረችው። ውኃው ከገንዳው ወደ ሳህኑ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። ሽሪምፕ የውኃ ለውጥ ስለማይችል አዲሱን ውኃ እንዲህ በጠብታ ነው የሚለምደው። ሳህኑ ሲሞላ ከፊሉ ይደፋና ጠብታው ይቀጥላል። በመጨረሻ አንድ በአንድ በመረብ ተለቅመው ይገባሉ፤ የሱቁ ውኃ ወደ ገንዳ አይገባም።

«ይህ ሁሉ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

«አባትሽ ሊያሳጥሩት ይችሉ ነበር?»

«አርባ ቀን ባዶ ውኃ የጠበቀ ሰው?» አለች ልጅቱ።

መርማሪዋ ጠብታውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ያን ዕለት ማታ ማን ምን እንዳላት ቃል በቃል እንድትነግራት ጠየቀች። ልጅቱ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ደገመችው፦ አክስቷ መጀመሪያ ለነዳፊው ደወሉ፣ ነዳፊው ለእሷ ደወሉ። አውቶቡስ ላይ ነበረች። «አሥራ አንድ ነፍስ አምጥተሽለት የእሱ ነፍስ ሄደች፤ ግን አንቺ ምን ታደርጊ» አሏት።

«ስንት ነበር የገዛሽው?»

«አሥር። ከድንጋጤ የተሳሳቱ መሰለኝ።»

መርማሪዋ የአባቷን ደብተር ይዛ ሄደች። በሁለተኛው ቀን ሱቁ ሄዳ እንደነበር ተሰማ። በሦስተኛው ቀን ቤቱን ዞረችና ለሽሪምፖቹ ምግብ እንድትጥልላቸው ልጅቱን ጠየቀቻት፤ ከሣሩ እየወጡ ሲሰበሰቡ በባትሪ እያበራች ቆጠረቻቸው። ልጅቱ አብራት አልቆጠረችም። ማሞቂያው ሙዳይ በሚያክል የፖሊስ ሣጥን ውስጥ ቢሆንም ዓይኗ አሁንም የሚያየው እሱን ነበር።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ አራቱንም በአባቷ ክፍል ሰበሰበች። ሌላ ፖሊስ በሩ አጠገብ ቆሟል። አክስቷ ከልጅቱ ርቀው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ፤ ነዳፊው አጠገቧ።

«ሽሪምፖቹ ገንዳው ውስጥ መሆናቸውን ሁላችንም አይተናል» አለች መርማሪዋ። «እንዴት እዚያ እንደደረሱ የጠየቀ ግን የለም። እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ማጣሪያው ነበር። ፌስታሉ የተሰጣቸው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ጨምሩበት።»

«አሥር ተኩል» አሉ አክስቷ በጣታቸው ቆጥረው።

ነርሷ ሌላ ሰው ዝም ብሎ ገልብጧቸው ቢሆንስ ስትል ጠየቀች። መርማሪዋ ይህን አስባበት ነበር። እንዲያ ቢሆን እስከ ዛሬ ግማሹ በሞተ ነበር፤ ሁሉም በሕይወት አሉ። ቱቦው ታጥቦ ፎጣ ላይ ተጣጥፏል። ገንዳው ሁለት ጣት ጎድሏል። በስድስት ሰዓት ደርቆ የነበረው ባልዲ ውስጥ ደግሞ ከሳህኑ የተደፋው ውኃ ተገኝቷል። ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተሠራው በቀያሹ እጅ ነው።

«እንግዲህ መብራቱ የጠፋው ስምንት ከሩብ ላይ ነው» አለች። «ማሞቂያው ያኔ ተሰነጠቀና ብሬከሩን ጣለው። ሰው ግን አልነካም። ቀያሹ ሶኬቱን ነቀሉ፤ የተኛች ሰው ላለመቀስቀስ ብሬከሩን ተዉት። ጠብታ መብራት አይፈልግም፤ ሥራቸውን ቀጠሉ። እስከ አሥር ተኩል በሕይወት ነበሩ። ከስምንት ከሩብ በኋላ ደግሞ በዚህ ቤት አንዲት አምፖል የሚያበራ ኤሌክትሪክ አልነበረም። የሌለ ኤሌክትሪክ ሰው አይገድልም።»

ልጅቱ ቃላቱን ሰማቻቸው፤ ትርጉማቸው ግን ዘገየባት።

«ይድገሙልኝ» አለች።

«ማሞቂያው አባትሽን አልገደለም የኔ ልጅ። ሊገድል አይችልም ነበር።»

ደስታ አልመጣላትም። እጇ እንደቀዘቀዘ ብቻ ታወቃት።

«ታዲያ ሽቦውን መልሶ የሰካው፣ እጃቸውን ውኃ የነከረው ማን ነው?» አለች መርማሪዋ። «መብራቱ ስምንት ከሩብ ላይ መጥፋቱን የሚያውቅ ሰው ነው። በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ መታየቱ የሚጠቅመው ሰው።»

የቀያሹን ደብተር ገለጠችው። የመጨረሻው መስመር ከገጹ ግርጌ ነበር፦ «8:00። ልጄ አመጣቻቸው። አሥር። ጠብታ ጀመረ።» ቀጣዩ ቅጠል የለም። መርማሪዋ ደብተሩን ለነርሷ አሳየቻት። ነርሷ ጣቷን በቀረው ጠርዝ ላይ አስኬደችና ቀና ብላ ነዳፊውን አየች። ቅጠሉ አልተቀደደም፤ በማስመሪያ ተቆርጧል፣ ቀጥ ብሎ።

«ማስመሪያ የሚጠቀም ሰው ብዙ ነው» አሉ ነዳፊው።

«ብዙ ነው» አለች መርማሪዋ። «አሥራ አንድ የሚል ግን አንድ ነው። ልጅቱ አሥር ገዛች። ባለሱቁ አንዲት ፍርፋሪ የምታክል ሌላ ሽሪምፕ ፌስታሉ ውስጥ ካለው ሣር ጋር ሳይናገር መርቆላታል። አሥራ አንድ መሆናቸውን ማወቅ የሚችለው አንድ በአንድ በመረብ የለቀመ ሰው ነው፣ ወይም እሱ በደስታ የነገረው። እርስዎ እዚህ ቤት ከመድረስዎ በፊት በስልክ ተናገሩት።»

ነዳፊው ለምን ብለው የአርባ ዓመት ወዳጃቸውን እንደሚገድሉ ጠየቁ፤ ድምፃቸው አሁንም ገር ነበር። መርማሪዋ ደብተሩን ወደ መጀመሪያ ገጾቹ መለሰችው። ሁሉም ስለ ውኃ የተጻፈ ስለሚመስል ማንም አላነበበውም፤ የመጨረሻውን ቅጠል የቆረጠውም ሰው ጭምር። እሷ ግን በጉንፋኗ አልጋ ላይ ሆና አርባውንም ቀን አነበበችው።

«አንደኛ ቀን። ለገንዳው መሳቢያውን ባዶ አደረግኩ። የተዳፋቱን የመጀመሪያ ልኬት አገኘሁ። አይሠራበት ያልኩት መስመር እሱ የሳለው ቦታ ላይ አይደለም። ሠላሳ አምስተኛ ቀን። ውኃው ጠራ። ነገርኩት። ቀን ስጠኝ አለ።»

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያ ተዳፋት ከነቤቱ ተንዶ አምስት ሰው ሞቷል፤ በስህተት ለክቷል ተብሎ የታሰረው አንድ ወጣት ረዳት ቀያሽ ነው። ይህን በክፍሉ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

ነዳፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ልጅቱ የሞረደችላቸው መነጽር ነው። ከዚያ በዝግታ ተናገሩ። ቀያሹን ዝም እንዲሉላቸው ሊለምኑ ነበር የመጡት። ቀያሹ ደስ ብሏቸው ሽሪምፖቹን ካሳዩዋቸው በኋላ ነገሩ ሲነሳ ግን ነገ ጠዋት ወረቀቱን እወስዳለሁ አሉ። «ገፋሁት» አሉ። «ጭንቅላቱ የመሳቢያው ማዕዘን ላይ አረፈ። ደብተሩን ሳይ መብራቱ መቼ እንደጠፋ ተጽፎ አገኘሁ፤ ያን ቅጠል ቆርጬ ማሞቂያውን መልሼ ሰካሁት።»

«ወዲያው ሞተ?» አለች ልጅቱ።

ነዳፊው መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

«ጠየቅኩህ እኮ» አለች። በዕድሜዋ አንተ ብላቸው አታውቅም።

«ይተነፍስ ነበር።»

«ከላይ ነርስ እንደተኛች ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች። ልጅቱ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ከፍ የሚያደርገው ነገር ውስጧ አልነበረም።

«ማስመሪያ የፈለግክበት ጊዜ እሷን ለመጥራት ይበቃ ነበር» አለች። «ከዚያ ደግሞ አራት ቀን ሻይ እየቀዳህልኝ አባቴን እኔ እንደገደልኩት አጽናናኸኝ።»

ፖሊሱ የነዳፊውን ክንድ ይዞ አስነሳቸው። መርማሪዋ ጫማዋን በር ላይ ስታደርግ የታሰረው ወጣት ጉዳይ በዚህ ሳምንት እንደሚከፈት ለነርሷ ነገረቻት፤ ለልጅቱ ግን ምንም አልጨመረችላትም። ነርሷም ወደ ክፍሏ ወጣች፤ ስትረግጥ ደረጃው አልተሰማም።

ክፍሉ ውስጥ አክስትና ልጅ ቀሩ። ልጅቱ እንደተቀመጠች ናት። ነጻ ነሽ ተብላለች፤ ነጻ የተባለ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ግን አላወቀችም። አክስቷ ከመስኮቱ ሥር ተነስተው መጡና ነዳፊው የለቀቁትን ወንበር አይተው አልተቀመጡበትም፤ ወለሉ ላይ፣ እግሯ ሥር ተቀመጡ።

«እኔም አንቺ ነሽ ብዬ ነበር» አሉ። «በልቤ ብቻ አይደለም። ለጎረቤትም ነግሬያለሁ።»

«አውቃለሁ፣ አክስቴ።»

«እንዴት ዝም አልሽኝ?»

«እውነት መስሎኝ ነዋ።»

አክስቷ ሁለቱንም እጆቿን ያዟትና ቀዝቃዛ መሆናቸውን ሲያውቁ በመዳፋቸው መሀል ማሸት ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ የልጅቱ ጣቶች ማመም ጀመሩ፤ ከዚያ ወንበሩን ትታ አክስቷ አጠገብ ወለሉ ላይ ወረደችና «አባቴ ሞተ» አለች፣ ገና አሁን እንደሰማች ሰው።